የክት ሰዓት ለአዘቦት ቀን

አማርኛ ልብስን ሲከፍል በዋጋ አይጀምርም። ውድና ርካሽ ከማለቱ በፊት የክትና የአዘቦት ይላል። የክቱ ሣጥን ገብቶ፣ የብል መድኃኒት ተደርጎበት፣ ሠርግና ዓመት በዓል የሚጠብቅ ነው። የአዘቦቱ ደግሞ በየቀኑ ከእኛ ጋር ፀሐይና አቧራ እየተካፈለ እላያችን ላይ የሚያልቅ ነው። ይህ ክፍፍል በልብስ ብቻ አልቆመም። በብዙዎቻችን ቤት ቡፌው ውስጥ የሚያብረቀርቁ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ የቤቱ ሰው ግን ውኃ የሚጠጣው ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ ነው። ጥሩው ለእንግዳ ነዋ! እንግዳውም በዓመት ሁለቴ ይመጣና «ኧረ አልጠጣም፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ይሄዳል።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ጥሩውን መቆጠብ ብልህነት ነው። አንድ ጋቢ ለማሠራት ስንት ወር እንደተለፋ የሚያውቅ ሰው በየቀኑ ቢለብሰው ይጨንቀዋል። ሆኖም የክቱ ልብስ ሣጥን ውስጥ ሳለ ባለቤቱ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያረጃል። ሲሞት ደግሞ ልጆቹ ሣጥኑን ይከፍቱና «ይኸን መቼ ለብሶት ያውቃል?» ይባባላሉ። ያ ልብስ ለማን ነበር? ለሟቹ እንዳንል አለበሰውም። ለልጆቹ እንዳንል አይሆናቸውም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ አንዲት ሰዓት ለማውራት ነው። ሰዓቷ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራች፣ አካሏ የማይዝግ ብረት የሆነ፣ የኦሜጋ ኩባንያ «ኮንስቴሌሽን» ብሎ ከሰየማቸው አንዷ ናት። ጀርባዋ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃ፣ ከሕንፃውም በላይ ስምንት ከዋክብት ተቀርጸዋል። አገልግላ፣ አርጅታ፣ ከአዲሷ በብዙ ባነሰ ዋጋ ነው እጄ የገባችው። ባነሰ ስል ግን ረክሳ አይደለም፤ የአንድ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ገዝቼም ሣጥን ውስጥ አላስቀመጥኳት። ቢሮ፣ ታክሲ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም አስሬያት እሄዳለሁ። በዘመኗ የክት የነበረችውን የአዘቦት አደረግኋት ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለዕለት ኑሮው የቅንጦት ዕቃ መጠቀም ይገባዋልን? ቢገባውስ በምን ሚዛን?

* * *

ክርክርን ከእውነት መጀመር ይሻላልና እንዲህ ልበል፤ ይህች ሰዓት አታስፈልገኝም። ጉዳዩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ብቻ ቢሆን ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ከበቂ በላይ ነው። ጉዳዩ ከተዘጋ እንዲያውም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 የጃፓኑ ሴኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ። ዓመታት ሲያልፉ ግን የኳርትዝ ሰዓት ዋጋ ወርዶ ወርዶ ከመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ዛሬ ከመርካቶ በምትገዛ የፕላስቲክ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ፍንካች በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ በወር የምትዛነፈውም ከግማሽ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። የእኔዋ ኦሜጋ በሰዓት 19,800 ጊዜ ነው የምትመታው። በቀን ጥቂት ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ሰዓት ሠሪው «ጤነኛ ናት» ይላል። የሃምሳ ዓመት እመቤት በአንዲት ፕላስቲክ ትበለጣለች።

ስዊሶቹ ይህን በደማቸው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በሰዓት ሥራ ይተዳደር የነበረው ሕዝባቸው በ1980ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በታች ወርዷል። በተራራ ሥር ባሉ ትናንሽ ከተሞች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ እጀ ጥበብ፣ ከሩቅ ምሥራቅ በመጣች ባትሪ ተረታ። የተረፉት ኩባንያዎች ያገኙት መውጫ የሚገርም ነው። በሥራ ሲበለጡ ጊዜ ሥራውን ትተው ክብርን መሸጥ ጀመሩ።

እንግዲህ አስፈላጊነት ምክንያት ሊሆነኝ አይችልም። ይህንንም ቀድሞ ያየ ሰው አለ። አዳም ስሚዝ የሚታወቀው ስለ አገሮች ሀብት በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ ስለ ሰው ልጅ የሥነ ምግባር ስሜት አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እዚያ ውስጥ ስለ ሰዓት ያነሳት ምሳሌ ለእኔ የተጻፈች ትመስላለች። አንድ ሰዓት ወዳድ ሰው በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ የምትዘገየውን ሰዓቱን ይንቃትና በሁለት ጊኒ ገደማ ይሸጣታል። በምትኩ በሁለት ሳምንት ከአንድ ደቂቃ በላይ የማትዘገየውን በሃምሳ ጊኒ ይገዛል። የሰዓት ጥቅም ግን ጊዜውን አውቀን ከቀጠሯችን እንዳንቀር ነው። ይህ ሰው ታዲያ ከሌላው ሰው ይበልጥ ቀጠሮ አክባሪ ሆኖ ላይገኝ ይችላል ይላል ስሚዝ። የማረከው ጊዜውን ማወቁ ሳይሆን፣ ጊዜውን ለማሳወቅ የተሰናዳው መሣሪያ ፍጹምነት ነውና።

ስሚዝ አዲስ አበባን አላያትም። የሐበሻ ቀጠሮን ግን ቁጭ አድርጎ ገልጾታል። ከእጃችን ላይ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም። ያረፈደውም፣ ቆሞ የጠበቀውም፣ ሁለቱም ሰዓት አስረዋል።

* * *

አያስፈልገኝም ካልን የቀረው ጥርጣሬ አንድ ነው፤ ለታይታ። ቶርስታይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ባለጠጎች ብዙውን ዕቃ የሚገዙት ለመገልገል ሳይሆን መግዛት መቻላቸው እንዲታይ ነው ብሎ ተከራክሯል። እሱ ከሞተ በኋላ በየከተማው የተበተኑት የሐሰት ሮሌክሶች ደግሞ ምስክር ቆመውለታል። የሐሰት ሰዓት የሚያስር ሰው ሰዓት አልገዛም፤ የሌላውን ሰው ዓይን ነው የገዛው። አባቶች «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ክስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነኝ ማለት አልችልም። ነገር ግን አንድ መፈተኛ አለኝ፤ ማንም ሰው ከቶ የማያያት ብትሆን አስራት ነበር ወይ? እንደ እውነቱ ከሆነ አሁንም የሚያያት የለም ማለት ይቻላል። ያረጀች ሰዓት ለታይታ አትመችም። የዛሬዎቹ ሰዓቶች የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ሰፍተዋል፤ እሷ ትንሽ ናት፣ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ትደበቃለች። ፊቷ እንደ ድሮ ወረቀት ወይቧል። ያዩዋት ሰዎችም ባብዛኛው «የአባትህ ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። በአነጋገራቸው ውስጥ አድናቆት ሳይሆን ርኅራኄ አለ።

ስለዚህ አሮጌ መሆኗ ከታይታ ግማሽ መንገድ ታደገኝ። ግማሹን መንገድ ግን ራሴ መሄድ አለብኝ። መንገዱም በየቀኑ ማሰር ነው። በዓመት አንዴ የታሰረ ዕቃ «እዩኝ» ማለቱ አይቀርም። በየቀኑ የታሰረ ዕቃ ባለቤቱም ይረሳዋል፣ ተመልካቹም ይለምደዋል።

* * *

ደግሞም ሰዓቷ ራሷ የተሠራችው ለዚህ ነው። አውቶማቲክ ናት። ሆዷ ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ብረት አለች፤ ክንዴን በወዘወዝኩ ቁጥር እየዞረች ሞላውን ትጠመዝዘዋለች። ባትሪዋ የእኔ እጅ ነው። ሁለት ቀን ያህል ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥ ቀስ ብላ ትዝልና ትቆማለች። የክት ልትሆን አትችልም ማለት ነው። የክት ብናደርጋት የቆመች ሰዓት ናት፤ የቆመች ሰዓት ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ እውነት ትናገራለች።

ያስተካከልኳት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ቆጣሪዎቿ አንድ ሰዓት ያሳያሉ። ከዚህ የተነሣ ስዊሶቹ ያላሰቡት ነገር ሆነ። በእነሱ አገር ቀኗን የምትቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እዚህ ግን 12 ሰዓት ንጋት ነው። ከእንቅልፌ ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ የቀኗ ቁጥር ሸርተት ብላ ስትቀየር አያታለሁ። በሃምሳ ዓመቷ አዲስ ቀን ከፀሐይ ጋር የሚጀመርበት አገር ደረሰች። ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር አስማምቼ ቀኑን ከዋዜማው ምሽት ልጀምር ብል ደግሞ ቆጣሪዎቹን አንድ ዙር ማዞር ብቻ ነው።

ወሮቻችን ግን አያስማሙንም። እሷ እስከ 31 ትቆጥራለች፤ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መባቻ ጠዋት፣ 31 ብላ ስትነሣ፣ መሙያዋን ሳብ አድርጌ ወደ 1 አሻግራታለሁ። ጳጉሜን ስትመጣማ ጉድ ነው። ጳጉሜን 5 አድረን መስከረም 1 ስንል እሷ 6 ብላ ትጠብቀኛለች። እንቁጣጣሽ ጠዋት ከ6 ተነሥቼ እስከ 31፣ ከዚያም ወደ 1፣ ሃያ ስድስት ጊዜ መሙያዋን መሳብ አለብኝ። አንድ ጎረቤቴ ይህን ባየ ጊዜ «ስልክህኮ ራሱ ያስተካክልልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስልኬ ግን አንድም ነገር እንዳደርግለት ጠይቆኝ አያውቅም። እንክብካቤ የማይሻ ዕቃ ሲበላሽ እንጥለዋለን፤ ስንጥለውም ቅር አይለንም። የሚያስቸግረንን ዕቃ ግን ቀስ በቀስ እናውቀዋለን። የዓመቱን መለወጥ በጣቴ የማውቀው በዚህች ሰዓት ምክንያት ነው።

ማወቅ ግን ግዴታም ያመጣል። የሰዓቷ ጥርሶች የሚዞሩት ለዓይን በሚያስቸግር ጠብታ ዘይት ላይ ነው። ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ ደርቆ ሳለ ከሠራች ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ተፈትታ መታጠብና መቀባት አለባት። ውኃ የሚከለክሉት ጎሚኒዎች ስለሚደርቁ «ውኃ አያስገባም» የሚለው የጀርባ ጽሑፍ ዛሬ ታሪክ እንጂ ዋስትና አይደለም። ዝናብ ሲመጣ እጄን ኪሴ እከታለሁ። በጨለማ ታበራ የነበረችበት ትሪቲየም የተባለው ንጥረ ነገር ኃይሉ በ12 ዓመት ከጥቂት ወራት በግማሽ የሚቀንስ ነውና ዛሬ አታበራም። ከስልክ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ማሳደርም ጥሩ አይደለም፤ ማግኔት ሲገባባት እንደ ጥጋበኛ ፈረስ ትጋልባለች።

ሰዓት ሠሪ ጋ ስትሄዱ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ከብርጭቆው ሣጥን በስተኋላ ይጠብቃችኋል፤ «ፖሊሽ ላድርጋት? አዲስ ትመስላለች።» ፖሊሽ ማድረግ ጭረቱን መሙላት አይደለም። ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን ያለውን ብረት መፋቅ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ የሠሪው እጅ ያወጣው ስል ጠርዝ እንደ ሳሙና ይሟሟል። ፊቷን እንደገና ማስቀባትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ስሟ ኦሜጋ ይሁን እንጂ መልኳ የቀለም ቀቢው ነው። የተሰበረ ጥርስ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንድትሠራ ነው። እንድትሠራ የሚደረግ ጥገና እውነት ነው፤ ያልኖረች እንድትመስል የሚደረግ ጥገና ውሸት ነው። እኔም «ዘይቷን ቀይርልኝ፣ ጭረቷን ተውልኝ» አልኩ። ከጭረቶቹ ግማሹ ከእኔ በፊት የነበሩ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። የበር እጀታ፣ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የሕፃን አልጋ ሊሆን ይችላል። የእነሱን ዕድሜ ልፍቅ ብል ማን ፈቀደልኝ?

* * *

ይህን ስናገር አንድ ነጋዴ ወዳጄ ይስቅብኛል። «ጭረት ብትጨምርባት ዋጋዋ ይወርዳል» ይላል። አሪስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ የጠቀሰውን የጫማ ምሳሌ ያስታውሰኛል። ጫማ ሁለት አገልግሎት አለው፤ አንዱ መጫማት፣ ሌላው መለወጥ። ሁለቱም የጫማው አገልግሎት ናቸው፤ ጫማው የተሠራው ግን ለመጫማት እንጂ ለመለወጥ አይደለም። የእኛ ዘመን ሰዓት ሁለተኛው አገልግሎት አንደኛውን የዋጠበት ዕቃ ሆኗል።

ሁለት ሰዓቶችን ልጥቀስ። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማን ባለቤቱ የሰጠችውን የሮሌክስ «ዴይቶና» ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አስሯታል። መኪና ይወዳደር ስለነበር ጀርባዋ ላይ ተጠንቅቆ እንዲነዳ የሚመክር ቃል አስቀርጻበታለች። ያን ጊዜ እነዚህ ሰዓቶች ገዢ ያጡ ነበሩ። በ1980ዎቹ አንድ ቀን የልጁ ወዳጅ የነበረ ወጣት የእጅ ሰዓት እንደሌለው ሲነግረው፣ ከእጁ አውልቆ ሰጠው፤ በየቀኑ መሙላት እንዳይረሳም መከረው። ያቺው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ለዚህ ዋጋ ያበቃት በየቀኑ መታሰሯ ነው። ዋጋው ከወጣ በኋላ ግን ማን ነው አስሯት መኪና የሚነዳ?

ሁለተኛዋ ለእኛ የቀረበች ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ እንደተሰጠቻቸው የሚነገርላት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቭ ላይ ለጨረታ ቀርባ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው ወጣች፤ በ2017 ተመልሳ ቀርባ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠች። ሰዓቷ ቀኑን፣ ወሩንና ጨረቃን የምትከተል፣ የካቲት 28 ወይም 29 መሆኑን ማንም ሳይነግራት የምታውቅ ናት፤ የፈረንጆቹን የካቲት ማለቴ ነው። የንጉሡ ሰዓት ብትሆንም ጳጉሜን አታውቅም። ዛሬ ያቺ ሰዓት ስትታወስ ወሬው ስለ ዋጋዋና ስለ ክርክሩ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም።

የሁለቱም ዕጣ አንድ ሆነ። ዋጋቸው ሲገዝፍ አገልግሎታቸው አበቃ፤ ብረት ካዝና ገብተው የዓለም ሁሉ የክት ዕቃ ሆኑ። ለእኔ ትምህርቱ ይህ ነው። ዋጋዋን እያሰበ የሚያስራት ሰው ሰዓት አላሰረም፤ የባንክ ደብተር ነው ያሰረው።

* * *

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። የፍልስፍና መምህሩ ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። በኩሬ አጠገብ ስታልፍ ሕፃን ሲሰጥም ብታይ፣ ልብስህ ይቆሽሻል ብለህ አትተወውም። ታዲያ ሩቅ አገር በረኀብ የሚሞተውን ሕፃን ለልብስ በምታወጣው ገንዘብ ማዳን እየቻልክ ሳታድነው ስትቀር ልዩነቱ ምንድን ነው? ርቀት ነው? ርቀት ደግሞ የሥነ ምግባር ምክንያት አይሆንም።

ሲንገር ይህን ሲጽፍ የምሥራቅ ቤንጋልን ስደተኞች እያሰበ ነው። ለእኛ ግን ኩሬው ሩቅ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ መስኮቱ ላይ እጅ ሲዘረጋ፣ በዚህ ወገን ያለው የእኔ እጅ ላይ ኦሜጋ አለች። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው አንድ መስታወት ነው።

ለዚህ ሲሰጡ የሰማኋቸው መልሶች አያጠግቡኝም። «ሀብት ማስቀመጫ ናት፣ ዋጋዋ አይወድቅም» የሚል አለ። ይህን ያለ ሰው ግን የማሰርን መብት በመሸጥ ተከራከረ፤ እንደዚያ ከሆነ ካዝና ውስጥ ይሻላታል። «አንድ ጥሩ ዕቃ ከአሥር ርካሽ ይሻላል» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ለጫማ። ለሰዓት ግን ሒሳቡ አይሠራም፤ አንዴ ተፈትታ የምትታጠብበት ዋጋ ብዙ የፕላስቲክ ሰዓቶችን ይገዛል። «ሰዓት ሠሪውስ በምን ይኑር?» የሚለው ይሻላል፤ እጀ ጥበብ የሚኖረው የሚጠገን ዕቃ ያላቸው ሰዎች እስካሉ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለተዘረጋው እጅ መልስ አይሆንም።

መልስ የመሰለኝን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንድ ወዳጄ ነው። እሱም እንደኔ ያገለገለች ኦሜጋ ገዝቶ ሰባት ዓመት በየቀኑ አስሯል። እንደኔ አይፈላሰፍም። አስሯት መኪናውን ያጥባል፣ አስሯት ልጆቹን ያቅፋል። መስታወቷ ተጨራርሶ ቁጥሩ በግድ ነበር የሚታየው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደከሙና በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ጀመረ። መዋጮ ተጀመረ። ወረቀቱ ሲዞር ወዳጄ የጻፈው ቁጥር ከደመወዙ በላይ ስለነበር ገንዘብ ሰብሳቢዋ የተሳሳተ መስሏት መልሳ ጠየቀችው። አልተሳሳተም። በሳምንቱ እጁ ባዶ ነበር። የእጁ አንጓ ላይ ፀሐይ ያላየው ነጭ ክብ ብቻ ቀርቷል።

ብዙ ቆይቼ «አትቆጭህም?» አልኩት።

«ለምን ትቆጨኛለች?» አለኝ። «ሰባት ዓመት አስሬያታለሁኮ። ሣጥን ውስጥ አስቀምጫት ቢሆን ኖሮ ነው የምትቆጨኝ። ሳላስራት ሄደች እል ነበር።»

ይህን ንግግር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የክት ልማዳችን አንድ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዕቃን ለነገ የሚያስቀምጥ ሰው ከዕቃው የሚገባውን ስላላገኘ፣ ገና ዕዳ እንዳለበት ሁሉ፣ ሊለቀው አይችልም። ዕቃው ሳይነካ በቆየ ቁጥር በላዩ ላይ የተከመረው ተስፋ ይከብዳል። በየቀኑ የተገለገለበት ሰው ግን ሒሳቡን ዘግቷል፤ ዛሬ ቢያጣው ትናንት የእሱ ነበረች። መልቀቅ የሚችለው የተጠቀመበት ነው። ስለዚህ የቅንጦት ዕቃ ለዕለት ኑሮ ይገባል ወይ ለሚለው የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው፤ ሰው ሲቸገር ከእጅህ ላይ ልትወልቅ ከቻለች እሰራት። ልትወልቅ ካልቻለች እሷ ናት አንተን ያሰረችህ። ያን ጊዜ ርካሽም ብትሆን ቅንጦት ናት።

ሲንገር ይህን ቢሰማ ዝም አይልም። «ወዳጅህ ያወለቃት የታመመው ሰው ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ነው፤ ስሙን የማያውቀው ሰው ቢሆንስ?» ይለኛል። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ታክሲው መስኮት ላይ ያለችው እጅም ገና እዚያው ናት። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሩቅ ላለው ሰው ከልቡ የሚሰጥ ሰው ካየሁ፣ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃውን የሚገለገልበት እንጂ የሚያመልከው ሰው አይደለም። ማውለቅም እንደ ማሰር ልምምድ ይፈልጋል።

ባልደረባችን ንቅለ ተከላው ተደርጎለት ሥራ ጀምሯል። የወዳጄን ሰዓት ዛሬ ማን እንዳሰራት አላውቅም፤ መስታወቷን ካስቀየረላት ደስ ይለኛል፣ ጎኗን ካስፋቃት ግን ያሳዝነኛል። ወዳጄ አሁን የሚያስረው በመንገድ ዳር የገዛትን የፕላስቲክ ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ተቀጣጥረን እንደ ልማዱ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ መጣ። ሰዓቱን አየሁበት። አንድ ሰከንድ እንኳን አልተዛነፈችም።